ሐዲዱና መንገደኛው፦ የጅቡቲና የአዲስ አበባ ባቡር ተሳፋሪ የመቶ ሃያ ዓመት ታሪክ

ስለ ጅቡቲና አዲስ አበባ የባቡር መስመር ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በአብዛኛው ስለ ውሉና ስለ ካፒታሉ፣ ስለ ድልድዮቹ፣ በፉርጎ ስለ ተጫነው ቡናና ቆዳ፣ ጨውና ነዳጅ ነው። ትኬት ቆርጦ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ በእንጨት መቀመጫ ላይ ሌሊቱን ያነጋው ሰው ታሪክ ግን ከዳር የቀረ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ሰው ተከትሎ አንድ ጥያቄ ለመመለስ ይሞክራል። የዚህ መስመር መንገደኛ በመጀመሪያ ጥቂት፣ ቀጥሎ እጅግ ብዙ፣ በመጨረሻም እንደገና ጥቂት የሆነው ለምንድን ነው? በዚህ አገር የምንኖር ሁሉ ወረቀታችንን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው ተቀምጠዋል።

ውሃ የተጠማው ባቡር

ከባቡሩ በፊት ከባሕሩ ጠረፍ ተነሥቶ ሐረር ለመግባት ግመል ጭኖ በረሓውን ማቋረጥ፣ ከሐረርም በበቅሎ ወደ ሸዋ መዝለቅ ግድ ነበር። ጉዞው ሳምንታትን፣ ችግር ከገጠመም ወራትን ይፈጅ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ኢልግም ከፈረንሳዊው ከሌዎን ሼፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ባቡሩ በ1901 እስከ ደወሌ መመላለስ ጀመረ፤ በ1902 መጨረሻም ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ሐዲዱን ወደ ሐረር ማውጣት አስቸጋሪና ውድ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ጣቢያው በሜዳው ላይ ተተከለ። ቦታው መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ዛሬ ሁላችንም ድሬዳዋ የምንለው ከተማ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ለዓመታት ቆመ። የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው ጉዳይ እጁን ማስገባቱ ምኒልክን አላስደሰታቸውም። ኩባንያውም ገንዘብ አልቆበት ከሰረ። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ ባደረጉት የሦስትዮሽ ስምምነት የባቡሩ ጉዳይ ዋና አንቀጽ ነበር። በ1908 አዲስ ፈቃድ ለምኒልክ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጠ፤ በተከታዩ ዓመት በተቋቋመው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ አማካይነትም ሐዲዱ ጉዞውን ቀጠለ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ምኒልክ በ1913፣ ኢልግ ደግሞ በ1916 ስላረፉ፣ ሥራውን የጠነሰሱት ሁለቱም ሰዎች ባቡሩን በዋና ከተማው አላዩትም።

መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆነው በዛሬዋ ጅቡቲ ምድር ነው። ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ የሆነው ይህ ሐዲድ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዳገት የሚወጣው ውሃ በብዛት እየጠጣ ነው። ሐዲዱ ነጠላ ስለ ነበረም ከላይ የሚወርደውና ከታች የሚወጣው ባቡር የሚተላለፉበት ስፍራ ያስፈልግ ነበር። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች በየተወሰነው ርቀት ጣቢያ መትከል ግዴታ ሆነ። ሆልሆል፣ አሊ ሳቢ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ሞጆ የመንገደኛው ማረፊያ የሆኑት በዚህ መልክ ነው። ጣቢያውን የጠየቀው በመጀመሪያ የማሽኑ ጥማት ነበር፤ ሰውና ከብቱ፣ ሻይ ቤቱና ገበያው የመጡት ከኋላ ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ከዚህ በታች ለሚነገረው ሁሉ ቁልፉ እርሱ ነውና።

የሦስት ቀን መንገድ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት አሥርታት ባቡሩ በቀን ብቻ ስለሚጓዝ፣ ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ ሁለት ሌሊት በመንገድ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ማደሪያዎቹ ድሬዳዋና አዋሽ ነበሩ። የአዋሽ ጣቢያ የእንግዳ ማረፊያ ስሙ በብዙ የውጭ አገር ጎብኝዎች ማስታወሻ ውስጥ የሚነሣውም ለዚህ ነው።

የዚያ ዘመን የባቡር ታሪክ የሹማምንትና የእንግዶች ታሪክ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 አውሮፓን ለመጎብኘት የተነሡት በባቡር ነው። በ1929 መጨረሻ የአዲስ አበባው ትልቅ የጣቢያ ሕንፃ ተመረቀ፤ ሰፈሩም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ለገሃር የሚለውን ስሙን ይዞ ቀረ። በ1930 ለንግሥ በዓሉ ከየአገሩ የመጡት መልእክተኞች ከጅቡቲ ወደብ ወርደው የተሳፈሩት በዚሁ መስመር ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በግንቦት 1936 መጀመሪያ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የጠላት ጦር ዋና ከተማዋን ከመያዙ በፊት በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው ከዚህ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ተሰደዱ። ክብርም ስደትም በአንድ ሐዲድ ላይ አለፉ።

ተራው ሕዝብ ግን ያን ጊዜም ከባቡሩ ውጭ አልነበረም። አንደኛው ማዕረግ ለሹምና ለውጭ ዜጋ ሲሆን፣ በዝቅተኛው ማዕረግ ነጋዴው፣ የቀን ሠራተኛውና የወታደሩ ቤተሰብ ይሳፈሩ ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሊቶሪና የተባለችውን በራሷ ሞተር የምትሄድ ፈጣን የመንገደኛ ፉርጎ አመጡ፤ የጉዞውም ጊዜ በእጅጉ አጠረ። በዚያው ዘመን ከአሰብ ወደ መሀል አገር የሚወጣውን የመኪና መንገድም ዘረጉ። የባቡሩ ተወዳዳሪ የተወለደው ያን ጊዜ ነው።

የሦስተኛው ማዕረግ ዘመን

ከነፃነት በኋላ ያሉት ሦስት አሥርታት መንገደኛው በእውነት የባቡሩ ባለቤት የሆነባቸው ናቸው። ለዚህም ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሹሙና ባለሀብቱ ባቡሩን መልቀቅ ጀመሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ተቋቁሞ በሚቀጥለው ዓመት በረራ ስለ ጀመረ፣ ለቸኮለ ሰው ሰማዩ ተከፈተለት። ሁለተኛ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል ላለው ቆላ ደኅና የመኪና መንገድ ገና ስላልነበረ፣ ለተራው ሰው ከባቡር የተሻለ አማራጭ አልነበረም። በ1950ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እንፋሎቱን እየተኩ መጡ፤ የሌሊት ጉዞም የተለመደ ሆነ። በ1959 በተደረገው ስምምነት የኩባንያው ግማሽ ድርሻ የኢትዮጵያ ሆኖ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ።

በዚያ ዘመን ማን ይሳፈር እንደ ነበር ከመቁጠር ማን ቀረ ብሎ መጠየቅ ይቀላል። የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ በታኅሣሥና በሐምሌ ፉርጎውን እየሞላ እስከ ድሬዳዋ ይወርዳል። የዓለማያ ኮሌጅ ተማሪ፣ የሐረር ጦር አካዳሚ እጩ መኮንን፣ የመተሐራና የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ የባቡር ደንበኛ ነበር። የድሬዳዋ ነጋዴ ሴቶች ጨርቅና ሽቶ፣ ሩዝና ፓስታ ይዘው ይወጣሉ፤ ፍራፍሬና አትክልት ይዘው ወደ ጅቡቲ ይወርዳሉ። ጫቱም በአውሮፕላን መምጣት እስኪጀምር ድረስ ከተማችን የሚገባው በባቡር ነበር። ባቡሩ በቆመበት ጣቢያ ሁሉ በመስኮት ወተት፣ እንቁላል፣ ብርቱካን የምትሸጥ አርብቶ አደር ሴት አለች። ድሬዳዋ ውስጥ በፈረንሳዮቹ ፕላን የተሠራው ከዚራ የባቡሩ ሠራተኞች ሰፈር ነበር። ሸሚንደፈር ተብሎ በሚጠራው በዚህ መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ፈረንሳይኛ እያቀላቀለ መናገሩ እንደ ብርቅ አይታይም ነበር።

የዚህ ሁሉ መሠረት ግን ያው የመጀመሪያው ነገር ነው፤ ባቡሩ በየቦታው ይቆም ነበር። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ እንደ እንፋሎቱ ውሃ አይጠማም። ይሁንና ጣቢያዎቹ አስቀድመው ተሠርተዋል፤ ከተሞቹም አስቀድመው ተቆርቁረዋል። ስለዚህ ማሽኑ ባያስፈልገውም ለሰው ሲባል መቆሙ ቀጠለ።

የመዳከሙ ዘመን

ውድቀቱ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው ምት ከፖለቲካ መጣ። በ1966 የፈረንሳይ ባለሥልጣኖች ጅቡቲ ከተማን በሽቦ አጥር ከበው መግቢያውን መቆጣጠር ጀመሩ፤ ባልባላም ከአጥሩ ውጭ በቀሩት ሰዎች እየሰፋች ሄደች። ሁለተኛው ምት የ1977ቱ ጦርነት ነው። ጅቡቲ ሰኔ 27 ነፃነቷን ባወጀችበት ሰሞን የባቡሩ ድልድዮች በፈንጂ ፈርሰው ነበር፤ መስመሩም እስከ 1978 ተዘግቶ ቆየ። በዚያና በተከታዮቹ ዓመታት ከጦርነትና ከግድያ የሸሹ ብዙ ኢትዮጵያውያን በባቡር ሊያልፉት ያልቻሉትን በረሓ በእግራቸው አቋርጠው እዚህ ደረሱ።

በ1981 ሁለቱ መንግሥታት ባደረጉት ስምምነት የጅቡቲና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ተቋቋመ። ሐዲዱና ፉርጎው ግን እያረጁ ነበር። በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር ከኩርባ ላይ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከተመዘገቡት አደጋዎች ሁሉ እጅግ አስከፊ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚገርመው ነገር መንገደኛው አለመጥፋቱ ነው። በ1990ዎቹ ባቡሩ በሰዓቱ አይነሣም፣ በሰዓቱ አይደርስም፤ መብራት የለውም፤ መስኮቱ ተሰብሯል። ሆኖም ይሞላ ነበር። ነጋዴ ሴቶች ከጅቡቲ ያመጡትን ልብስ በላይ በላዩ ደርበው፣ ከፊናንስ ፖሊስ ጋር እየተደባበቁ፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህ ባቡር ነው። መንግሥት ኮንትሮባንድ ይለዋል፤ በመስመሩ ላይ ላሉት ቤተሰቦች ግን እንጀራ ነበር። በሌላ በኩል ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ የኢትዮጵያ ንግድ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ሲዞር፣ ጭነቱን ያነሣው በጋላፊ በኩል የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሰልፍ እንጂ ባቡሩ አልነበረም። የጭነቱ ገቢ ሲቀንስ የመንገደኛውም ፉርጎ ጠጋኝ አጣ። በ2000ዎቹ አጋማሽ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ጥገና ተጀመረ፤ መስመሩን ለደቡብ አፍሪካ፣ ቀጥሎም ለኩዌት ኩባንያ በኮንሴሽን ለመስጠት ተሞከረ። ሁሉም ሳይሳካ ቀረ። ከ2008 ገደማ ጀምሮ ባቡሩ ለገሃር መድረሱን አቆመ፤ ከድሬዳዋ በታች ያለውም ቅሪት እየተንጠባጠበ ሄዶ ቆመ።

ሌሎች ሐዲዶች ምን ይላሉ?

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ጎረቤታችን የኤርትራ ባቡር በ1911 ከምጽዋ አስመራ የገባ፣ በኋላም እስከ አቆርዳት የዘለቀ መስመር ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ካጓጓዘ በኋላ፣ የመኪናው መንገድ ተጭኖት ጦርነቱም ጨምሮበት በ1970ዎቹ ቆመ። በምዕራብ አፍሪካ ዳካርን ከባማኮ የሚያገናኘው መስመር ደግሞ ለእኛው ወንድም የሆነ ነው፤ እርሱም የፈረንሳዮች ሥራ፣ እርሱም ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ። በ2003 ለግል ኩባንያ ሲሰጥ ባለኮንሴሽኑ ትርፉን ከጭነት ስለሚያገኝ ብዙ ትንንሽ ጣቢያዎችን ዘጋ። በማሊ በመስመሩ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ተቃውሞ አነሡ፤ ያለ ባቡር ገበያቸው እንደሚሞት ያውቁ ነበርና።

ሀብታም አገሮችም ከዚህ አላመለጡም። በእንግሊዝ በ1963 የወጣው የቢቺንግ ሪፖርት ከ2,000 በላይ ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረበ፤ አብዛኞቹም ተዘጉ። ያን ጊዜ የባቡር ዘመን አብቅቷል ተብሎ ነበር። እንግሊዛውያን በ1982 በባቡር ያደረጉት ጉዞ 630 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ከ2019 በፊት በነበረው አንድ ዓመት ግን ቁጥሩ ከ1.7 ቢሊዮን በላይ ሆኗል። ጃፓን በ1964፣ ፈረንሳይ በ1981 ፈጣን ባቡር ሲጀምሩ ጣቢያውን ሰው ካለበት ጋር ማገናኘትን ከፍጥነቱ እኩል አስበውበታል። ዳካርም በ2021 መጨረሻ ከተማዋን ከዲያምኒያዲዮ ጋር የሚያገናኝ አዲስ የመንገደኛ ባቡር ከፍታለች። እንግዲህ የመንገደኛው መቀነስ እንደ ዝናብና ድርቅ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም፤ የሰው ውሳኔ ውጤት ነው።

አዲሱ ባቡር

በእኛ መስመር አዲሱ ውሳኔ የተወሰነው በ2010ዎቹ ነው። በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው፣ በአብዛኛው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር የተሸፈነው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር በጥቅምት 2016 አዲስ አበባ ላይ፣ በጥር 2017 ደግሞ እዚህ ናጋድ ላይ ተመረቀ። መደበኛ አገልግሎቱ በ2018 መጀመሪያ ተጀመረ። ከኩባንያው ድርሻ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ነው። ሥራውን ሲመሩ የቆዩት የቻይና ኩባንያዎች በ2024 አስተዳደሩን ለሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች አስረክበዋል። በጥንት ጊዜ ሦስት ቀን የፈጀው መንገድ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሆኗል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማቃለል አይገባም።

ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ውሃ አይጠማም። ማሽኑ የትም እንዲቆም አያስገድድም። ጣቢያውን የት እንትከል፣ ባቡሩ የት ይቁም የሚለው ጥያቄ ሙሉ በሙሉ በሰው እጅ ገብቷል፤ መልሱም ለሰው ያደላ አልሆነም። የአዲስ አበባው ጣቢያ ለቡ ነው፤ የድሬዳዋው ከከተማው ወጣ ብሏል፤ የእኛው ናጋድ ነው። ጥንት ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ በእግሩ ይደርስበት የነበረው የጅቡቲ ጣቢያ የለም። ዛሬ ከዋራበሌም ሆነ ከመሀል ከተማው የሚነሣ ሰው መጀመሪያ መኪና መፈለግ አለበት፤ ለቡ ሲደርስም እንደገና ታክሲ ይፈልጋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንዲሉ፣ ሩቅ ካለ ፈጣን ባቡር ደጃፍ ላይ የሚቆም አውቶቡስ ይመረጣል።

ሌላም አለ። ከአዳማ በታች ሐዲዱ ነጠላ ነው፤ የጭነትና የመንገደኛ ባቡር በተራ ይተላለፉበታል። የኩባንያው ገቢ በአብዛኛው ከጭነት ስለሚመጣና ብድሩም ስለሚከብድ፣ ቅድሚያ የሚያገኘው ኮንቴይነሩ ነው። በሐዲዱ የሚያቋርጡ ግመሎችና ከብቶች እየተገጩ ባቡሩን አዘግይተውታል፤ ከአርብቶ አደሩም ጋር አጣልተውታል። ይህ ጠብ ራሱ ብዙ ይናገራል። የጥንቱ ባቡር ለአርብቶ አደሯ ወተቷን የምትሸጥበት ገበያ ነበር። የአሁኑ ባይቆምላት በበረቷ መሀል የሚያልፍ ባዕድ ሆኖ ቢታያት አያስደንቅም።

በአዲስ አበባ በ2015 የተከፈተው ቀላል ባቡርም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ታሪፉ ከ2 እስከ 6 ብር ብቻ ስለ ነበረና ሰው በሚበዛበት መሀል ስለሚያልፍ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቀን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ይሳፈርበት ነበር። የጎደለው ተሳፋሪ አልነበረም፤ ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላይ የሆኑት በመለዋወጫ እጦት ነው የቆሙት። ይህ ቀላል ባቡር ለገሃር ላይ ይቆማል፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ሰው ወደ ለቡ የሚያደርሰው ግን እርሱ አይደለም። በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት አዳዲስ ባቡሮች አይተዋወቁም።

ለማነጻጸር ኬንያን እንመልከት። ከሞምባሳ ናይሮቢ የሚሄደው አዲስ ባቡር በ2017 የተከፈተ፣ እንደ እኛው በቻይና ብድርና በቻይና ኩባንያ የተሠራ ነው። የናይሮቢ ጣቢያውም ከመሀል ከተማው የራቀ ነው። ነገር ግን በአሮጌው ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ላይ ከመሀል ናይሮቢ እስከ አዲሱ ጣቢያ መንገደኛ የሚያመላልስ ባቡር መደቡ። ቀንና ሌሊት የሚነሣ፣ ሰዓቱ የታወቀ አገልግሎትም አቋቋሙ። ዛሬ በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጓዝበታል። የእነርሱም ባቡር ብድር አለበት፤ የእነርሱም ገቢ ጭነትን ይጠብቃል። ልዩነቱ መንገደኛው ሲታቀድ መታሰቡ ነው።

ስለ አሮጌው ባቡር ሲነሣ ብዙዎቻችን በናፍቆት እንናገራለን። ናፍቆቱ ግን እውነቱን ሊሸፍን አይገባም፤ አሮጌው ባቡር ቀርፋፋ፣ አደገኛና ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ነበር። ሰው የወደደው እነዚህን ጉድለቶች ችሎ ነው። የወደደበት ምክንያትም ቀላል ነው። ባቡሩ በሰፈሩ ይቆም ነበር፣ ዋጋው ለኪሱ ይስማማ ነበር፣ የያዘውንም ዕቃ ይሸከምለት ነበር። እነዚህን ሦስት ነገሮች አዲሱ ባቡር ማድረግ የማይችልበት የምሕንድስና ምክንያት የለም። ከናጋድ ወደ ከተማው፣ ከለቡም ወደ መሀል አዲስ አበባ ከባቡሩ ሰዓት ጋር የሚገጥም አውቶቡስ መመደብ፣ በትንንሾቹ ጣቢያዎች ለጥቂት ደቂቃ መቆም፣ ለትንሽ ነጋዴ ዕቃ ግልጽ ታሪፍ ማውጣት ሌላ ሐዲድ መዘርጋትን አይጠይቁም።

አስተዳደሩ አሁን በሁለቱ አገሮች እጅ ነው። በምኒልክ ዘመን ባቡሩ የት እንደሚቆም የወሰነው የውሃ ጉድጓድ ነበር። ዛሬ የሚወስኑት ስብሰባ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። በጅቡቲና በኢትዮጵያ መካከል የሚመላለሰው ሠራተኛ፣ ነጋዴዋ፣ ቁልቢን የሚሳለመው፣ ቤተሰቡን ለመጠየቅ የሚናፍቀው ሁሉ በዚያ ስብሰባ ላይ እንዲታሰብ መጠየቅ መብቱ ነው።